አሜሪካን በመኪና እያቋረጡ የመንግሥት ሕንፃዎችንና የዕለት ኑሮን ፎቶ ማንሳት፦ ደረጃ በደረጃ

አሜሪካ ያላችሁም፣ ልትመጡ የምታስቡም ፎቶ አንሺዎች የምትጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው፦ «ፍርድ ቤት ወይም ፖስታ ቤት ፎቶ ባነሳ ፖሊስ ይይዘኛል ወይ? በየት በኩል ልሂድ? ሰዎቹንስ እንዴት ልጠይቅ?» የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ካሜራ ማውጣት በሚያስጠይቅበት አገር ላደገ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ከምመልስ፣ ከዝግጅቱ ጀምሮ የፎቶ መግለጫ እስከ መጻፍ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጫለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሕንፃው ጥሩ ብርሃን የሚያገኝበት ሰዓትና ሰዎች ወደ ሕንፃው የሚመጡበት ሰዓት አይገጣጠሙም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ከተማ ሁለት ጊዜ ትሠራላችሁ፤ አንዴ ለሕንፃው፣ አንዴ ለሰዉ። የጉዞው ዕቅድ በሙሉ የሚወጣው ከዚህ ነው። ሰዓት የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስል አሜሪካኖቹ ስምንት የሚሉት ነው። ዓመቶቹ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- በራው ፎርማት የሚያነሳ ካሜራ። ሁለተኛ ካሜራ ካላችሁ ያዙት፤ በትንንሽ ከተሞች የካሜራ ጥገና አይገኝም።
- ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚሄድ ሌንስ ለሕንፃ፣ 35 ሚሊሜትር ለሰው። አቅም ካለ 24 ሚሊሜትር ቲልት ሺፍት ሌንስ ተከራዩ፤ ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።
- የውኃ ልክ ያለው ትሪፖድ።
- ቢያንስ ሦስት ባትሪና የመኪና ቻርጀር። በአውሮፕላን የምትመጡ ከሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ አይገባም።
- በቂ ሜሞሪ ካርድና ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች።
- ፀሐይ በየትኛው ቀን ከየት እንደምትወጣ የሚያሳይ መተግበሪያ፤ ሰንካልክ ወይም ፎቶፒልስ ይበቃል።
- ስልክ ላይ አስቀድሞ የወረደ ካርታ፣ ከተቻለም የወረቀት ካርታ። በኔቫዳና በዩታ ኔትወርክ ረጅም ርቀት ይጠፋል።
- የኪስ ደብተርና እርሳስ።
- ስማችሁና ኢሜይላችሁ የታተመበት ትንሽ ካርድ። ሰው የሚያምናችሁ ማን እንደሆናችሁ ሲያውቅ ነው።
- መንጃ ፈቃድና መታወቂያ። ዕድሜው 18 የሞላ ዜጋ ያልሆነ ሰው ግሪን ካርዱን ወይም ሌላ የምዝገባ ሰነዱን ይዞ የመንቀሳቀስ ሕጋዊ ግዴታ አለበት፤ ኮፒውን ሳይሆን ዋናውን።

ከኢትዮጵያ ለመገናኛ ብዙኃን ልትሠሩ የምትመጡ ከሆነ የጎብኚ ቪዛ አይበቃችሁም፤ ለውጭ ጋዜጠኞች የተለየ ቪዛ አለ። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱት።

1. ከተማ መሐል የሚያልፍ መንገድ ምረጡ

ኢንተርስቴት የሚባሉት ታላላቅ አውራ ጎዳናዎች ከተሞችን በዳር በዳር ያልፋሉ፤ ከመውጫቸው ላይ የምታገኙት ነዳጅ ማደያና ሆቴል ብቻ ነው። «ዩኤስ» የሚል ቁጥር ያላቸው የቆዩ መንገዶች ግን ብዙ ጊዜ የከተማው ዋና መንገድ ሆነው ያልፋሉ። ፍርድ ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱና ፀጉር ቤቱ በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ቢርቅም አንድ ሁለት መታጠፊያ ገባ ብሎ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዩኤስ 50ን ያዙ። ከሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ተነስቶ ካሊፎርኒያ ዌስት ሳክራሜንቶ የሚደርስ፣ 3,000 ማይል ወይም 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። አናፖሊስን፣ ዋሽንግተን ዲሲን፣ የሚዙሪዋን ጄፈርሰን ሲቲንና የኔቫዳዋን ካርሰን ሲቲን ይነካል፤ ማለትም ከፌዴራል መንግሥቱ ዋና ከተማ ሌላ የግዛት ዋና ከተሞችን በአንድ መስመር ታገኛላችሁ። ዲሲ ውስጥ ራሱ ኮንስቲትዩሽን አቬኑን ይዞ ያልፋል። አብዛኞቻችሁ ያላችሁት ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ስለሆነ መንገዱ ከደጃችሁ ይጀምራል።

በቀን ከ150 ማይል በላይ አታቅዱ። ከዚያ ካለፈ ቀኑ የመንዳት ቀን ይሆናል፤ ጥሩ ብርሃን የሚገኝበትን ሰዓት መኪና ውስጥ ታሳልፉታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በኔቫዳ ከኢሊ እስከ ዩሪካ 77 ማይል ያህል፣ ከዩሪካ እስከ ኦስቲን 70 ማይል ያህል፣ ከኦስቲን እስከ ፋለን ደግሞ 110 ማይል ያህል ነው። በመሐል ነዳጅ አገኛለሁ ብላችሁ አትነሱ። በየከተማው ታንኩን ሙሉ፤ ውኃም ያዙ።

2. የካውንቲ ዋና ከተሞችን ዘርዝሩ

የአሜሪካ ግዛቶች በካውንቲ የተከፋፈሉ ናቸው፤ በመላ አገሪቱ ከ3,100 በላይ ካውንቲዎችና አቻ አስተዳደሮች አሉ። አብዛኛው ካውንቲ አንድ ዋና ከተማ አለው፤ ፍርድ ቤቱም እዚያ ነው። «ፍርድ ቤት» ይባል እንጂ ዳኛ ብቻ የሚቀመጥበት ቤት አይደለም። በብዙ ቦታ የጋብቻ ፈቃድ፣ የቤትና የመሬት ምዝገባ፣ የንብረት ግብርና የመኪና ታርጋ የሚሠራው እዚያው ወይም ከጎኑ ባለው ሕንፃ ነው። የመንግሥት ሕንፃንና የዕለት ኑሮን በአንድ ቦታ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ካፒቶል ከሚባሉት የምክር ቤት ሕንፃዎች ይልቅ የምመክራችሁም እነዚህን ነው።

በመንገዱ ላይ ያሉትን ካውንቲዎች ከካርታ ላይ ልቀሙ፣ የዋና ከተማቸውን ስም ጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የፍርድ ቤቱን የሥራ ሰዓት ከካውንቲው ድረ ገጽ ገልብጡ። አብዛኞቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ይሠራሉ፤ በምሳ ሰዓት የሚዘጉ አሉ፣ በፌዴራል በዓላት ይዘጋሉ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ከተማ የሚነሱ ምስሎችን ዝርዝር ጻፉ። በ1930ዎቹ የእርሻ ዋስትና አስተዳደር የሚባለውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺዎች ያሰማራ የነበረው ሮይ ስትራይከር እንዲህ ያለ ዝርዝር እየጻፈ ይልክላቸው ነበር። ዝርዝሩ የሚጠቅመው ሁሉንም ለማሟላት አይደለም። ደክሟችሁ ከተማ ስትገቡ ዓይናችሁ የለመደውን ብቻ እንዳያይ ይጠብቃችኋል። መነሻ የሚሆን፦ የሕንፃው ፊት፣ ጎንና ጀርባ፤ በሩና የበሩ እጀታ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ፤ ወረፋ፤ ከሕንፃው ትይዩ ያለው ሱቅ፤ ምሳ የሚበላበት ቤት፤ የውኃ ታንከር፤ የእህል ጎተራ፤ ልብስ ማጠቢያ ቤት፤ የመቃብር ስፍራ።

3. ሕንፃው ወዴት እንደሚያይ እወቁ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው፤ የሥራውን ጥራት ከሁሉ በላይ የሚወስነውም እሱ ነው። በሳተላይት ካርታ የእያንዳንዱን ሕንፃ ዋና በር ፈልጉና ወዴት እንደሚያይ ጻፉ። ወደ ምሥራቅ የሚያየው ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ የሚያየው ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ዲሲ ያለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕንፃ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ጠዋት ብትሄዱ ዓምዶቹ ጥላ ውስጥ ሆነው ከጀርባ ያለው ሰማይ ይነጣል። ወደ ደቡብ የሚያየው ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አያጣም።

አስቸጋሪው ወደ ሰሜን የሚያየው ነው። ካንሳስ ውስጥ ኮተንውድ ፎልስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ዩኤስ 50 ከሚያልፍባት ስትሮንግ ሲቲ ትንሽ ወደ ደቡብ ገባ ብላ። የቼዝ ካውንቲ ፍርድ ቤት በ1873 ያለቀ የኖራ ድንጋይ ሕንፃ ነው፤ ጣሪያው ቀይ፣ ከላዩ የሰዓት ማማ ያለው። ብሮድዌይ የሚባለው በጡብ የተነጠፈው ዋና መንገድ ቀጥ ብሎ ሄዶ ደቡብ ጫፉ ላይ ከፍርድ ቤቱ ፊት ይቆማል። መንገዱን ይዛችሁ ስታዩት በዓይን ውብ ነው። ነገር ግን በሩ ወደ ሰሜን ስለሚያይ በኅዳር ወይም በጥር ብትመጡ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከሕንፃው ጀርባ ናት፤ ፊቱ ይጠቁራል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በሰኔ አጋማሽ መምጣት ነው። በዚያ ወቅት በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ከትክክለኛው ምሥራቅ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ዞራ ትወጣለች፤ ማታም እንዲሁ ወደ ሰሜን ዞራ ትጠልቃለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ለአጭር ጊዜ፣ ደግሞም ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከመጥለቋ በፊት ብርሃኑ የሰሜኑን ግድግዳ ከጎን እየጠረገ ያልፋል። እያንዳንዱ የድንጋይ መጋጠሚያ የራሱን ጥላ ይጥላል፣ የመስኮቶቹ ክፈፍ ጎልቶ ይወጣል። ሁለተኛው መፍትሔ ደመና መጠበቅ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው ሰማያዊ ብርሃን መሥራት ነው። የአዲስ አበባ ምሽት ቶሎ ይጨልማል፤ እዚህ በበጋ ድንግዝግዙ ከዚያ ስለሚረዝም ትሪፖድ አቁማችሁ ረጋ ብላችሁ ለመሥራት ጊዜ አላችሁ።

4. ፈቃድ የሚጠይቀውንና የማይጠይቀውን ለዩ

ከሕዝብ መንገድ ወይም ከእግረኛ መተላለፊያ ሆኖ የሚታይን የመንግሥት ሕንፃ ከውጭ ማንሳት መብት ነው። ለፌዴራል ሕንፃዎችም በ2010 አንድ ክስ በስምምነት ሲያልቅ፣ ለሕንፃዎቹ ጥበቃ የሚያደርገው መሥሪያ ቤት ሕዝብ በሚቆምበት ቦታ ሆኖ ውጫቸውን ማንሳት የተፈቀደ መሆኑን ለጠባቂዎቹ በጽሑፍ አሳውቋል። ፈቃድ ወረቀት አያስፈልጋችሁም።

ወደ ውስጥ ስትገቡ ነገሩ ይለያል፦

- በፌዴራል ሕንፃዎች አንድ መሥሪያ ቤት በያዘው ክፍል ውስጥ ለማንሳት የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ፣ ለንግድ ከሆነ ደግሞ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።
- ፖስታ ቤት ውስጥ ለዜና ካልሆነ በቀር የፖስታ ቤቱን ኃላፊ መጠየቅ ግድ ነው። በትንንሽ ከተሞች ኃላፊው ራሱ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። ወረፋ በሌለበት ሰዓት ጠይቁ። የደንበኞችን ደብዳቤና አድራሻ እንደማታነሱ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የሚያሳስበው ያ ነው።
- በፌዴራል ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ላይ ፎቶ ክልክል ነው። የካውንቲ ፍርድ ቤቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ካሜራን፣ ሌሎቹ ስልክንም በር ላይ ያስቀራሉ። ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ የካውንቲውን ጸሐፊ ቢሮ ጠይቁ፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ሲጠይቃችሁ የምትሰጡት መልስ ያ ስም ነው።
- የኪስ ቢላዋና ባለ ብዙ መሣሪያ ፒንሳ ከካሜራ ቦርሳ አውጥታችሁ መኪና ውስጥ ተዉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሕግ ከከለላቸው የጦር ሠፈሮችና የመከላከያ ተቋማት ራቁ፤ ያለ ፈቃድ ማንሳት በፌዴራል ሕግ ወንጀል የሚሆንባቸው አሉ። የነባር ሕዝቦች ምድር የራሱ አስተዳደርና የራሱ የፎቶ ደንብ አለው፤ ሳትጠይቁ አታንሱ። በምርጫ ቀን የድምፅ መስጫ ክፍል ውስጥ የሚፈቀደው ከግዛት ግዛት ይለያያል። የባቡር ሐዲድ የግል ንብረት ነው፤ የእህል ጎተራው ከዚያ ቢያምርም ሐዲድ ላይ አትቁሙ፣ ባቡሩ ሳይሰማችሁ ይደርሳል።

ድሮን ካላችሁ፦ 250 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ይመዘገባል፣ ከ400 ጫማ በላይ አይወጣም፣ ዲሲ ላይ አይበርም፣ በብሔራዊ ፓርኮች አይነሳም።

ስለ ኅትመት መብትም ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁ። ከሕዝብ ቦታ የሚታይን ሕንፃ ፎቶ አንስቶ መሸጥ በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ይፈቀዳል። ሐውልትና የግድግዳ ሥዕል ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ የሉም። ዲሲ ያለው የኮሪያ ዘመቻ መታሰቢያ የወታደሮች ሐውልት ፎቶ በ2003 በፖስታ ቴምብር ላይ ወጥቶ ቀራጺው መንግሥትን ከስሶ ረትቷል። ሐውልቱ የምስሉ ዋና ነገር ከሆነ ከመሸጣችሁ በፊት የባለመብቱን ፈቃድ ጠይቁ።

5. ካሜራ ሳታወጡ በእግር ዙሩ

የትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ የፍጥነት ወሰኑ ከ65 ማይል ወደ 30 በአጭር ርቀት ይወርዳል፤ ምልክቱን ስታዩ ወዲያው ቀንሱ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቀይ መብራት ሲያበራ ቁሙ። መኪናውን ከሕንፃው ፊት አታቁሙ፤ የራሳችሁ መኪና በራሳችሁ ፎቶ ውስጥ ይገባል። ቦርሳ በመስኮት የሚታይ ቦታ አትተዉ።

ከዚያ ሕንፃውን አንድ ጊዜ ዙሩት። ዘመናዊ ማስፋፊያው የቱ ጋ እንደተቀጠለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ዛፍ በሩን እንደሚጋርድ የሚታወቀው በእግር ነው። አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ ሰው ሆናችሁ ያያችሁ፤ ከመኪና ወርዶ ወዲያው ሌንስ የሚደቅን ሰው ያሳስባቸዋል።

6. የሕንፃውን ፊት አንሱ

እሑድ ይመረጣል፤ ከፊቱ የቆመ መኪና አይኖርም።

ሀ. ትሪፖዱን የበሩ መካከል ትክክል ላይ አቁሙና ውኃ ልኩን አስተካክሉ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ከሄዳችሁ የመስኮቶቹ መስመር ያዘነብላል፤ በኋላ በኮምፒውተር ቢስተካከልም ጥራት ይቀንሳል።

ለ. ካሜራውን ወደ ላይ አታቅኑ። ስታቀኑት ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ እየጠበቡ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ወይ ወደ ኋላ ራቁ፣ ወይ ከፊት ለፊት ካለ ሕንፃ ደረጃ ላይ ቁሙ፣ ወይ በቲልት ሺፍት ሌንስ ፍሬሙን ወደ ላይ አንሸራቱት። ሁሉም ካልተቻለ ከላይና ከጎን ሰፊ ቦታ ትታችሁ አንሱና ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አቅኑት፤ ሲቃና ጠርዙ ስለሚቆረጥ ቦታ ካልተዋችሁ የማማው ጫፍ አብሮ ይሄዳል።

ሐ. አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11። ከኤፍ 16 በላይ ብትዘጉት ዲፍራክሽን (ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ መበተኑ) ምስሉን ያለሰልሰዋል።

መ. ባንዲራ ካለ ሻተሩን 1/250 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉ፤ ከዚያ በታች ጨርቁ ይደበዝዛል። ባንዲራው ግማሽ ላይ ዝቅ ብሎ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ከዓመታት በኋላ ፎቶውን የሚያይ ሰው ይጠይቃል።

ሠ. ነጭ ድንጋይ የሞላው ምስል ላይ ካሜራው በራሱ ሲለካ ድንጋዩን ግራጫ ያደርገዋል። ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ጨምሩና (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ነው) ሂስቶግራሙ፣ ማለትም ካሜራው የሚያሳየው የብርሃን ግራፍ፣ ከቀኝ ጠርዝ እንዳይቆረጥ ተመልከቱ። ሰማዩና ጥላው በጣም ከተራራቁ ሁለት ስቶፕ ጨለም፣ ሁለት ስቶፕ ፈካ ያሉ ተጨማሪ ምስሎች አንሱ።

ረ. ፖላራይዘር ፊልተር በሰፊ ሌንስ አትጠቀሙ፤ ሰማዩ ግማሹ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግማሹ ነጣ ያለ ይሆናል።

ፊቱን ከጨረሳችሁ ሁለቱን ጎኖችና ጀርባውን ሳታነሱ አትሂዱ። ጀርባው ላይ ሠራተኛ ሲጋራ የሚያጨስበት በር፣ የእስረኛ መግቢያ፣ የቆሻሻ ገንዳ አለ፤ ሕንፃው በየቀኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ይህኛው ወገን ነው።

7. ዝርዝሩንና ውስጡን አንሱ

ፈቃድ ካገኛችሁ ትሪፖድ ትታችሁ ግቡ፤ መተላለፊያ ስለሚዘጋ አይወዱትም። አንድ ቴክኒካዊ ነገር፦ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው፣ የኢትዮጵያ 50። ካሜራችሁ ከአገር ቤት በተስተካከለበት ከመጣ የቪዲዮና የጸረ ብልጭታ ምርጫውን ወደ 60 ቀይሩ፤ በፍሎረሰንት ወይም በኤልኢዲ መብራት ሥር ሻተሩን 1/60 ወይም 1/120 አድርጉ። ካልሆነ ምስሉ ላይ ጥቁር ግርዶሾች ይወጣሉ።

የሚፈለገው፦ በእጅ ብዛት የተወለወለ የደረጃ መደገፊያ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው የፖስታ ሳጥኖች፣ «ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ብቻ» የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ፖስታ ቤቶች ውስጥ ከኃላፊው ቢሮ በር በላይ መንግሥት ያሠራው የግድግዳ ሥዕል አለ፤ ስትገቡ ቀና ብላችሁ እዩ።

ዲሲ ስትሠሩ የአማርኛ ማስታወቂያዎችን አትለፉ። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶች ለነዋሪው በቋንቋው እንዲያገለግሉ ያዛል፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ጽሑፉን ብቻ ቆርጣችሁ አታንሱ፤ ከእንግሊዝኛውና ከስፓኒሹ ጋር፣ ከመስኮቱና ከወንበሩ ጋር አንሱት፤ የት እንደተለጠፈ የሚነግረው ዙሪያው ነው።

ከአየር ማቀዝቀዣ ወደ ሚዙሪ የሐምሌ ወበቅ ስትወጡ ሌንሱ ወዲያው በጉም ይሸፈናል። ካሜራውን በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ አቆዩት፤ አትጥረጉት፣ ተመልሶ ይመጣል።

8. ለሰዉ ተመለሱ

አሁን የሥራ ቀን ጠብቃችሁ ተመለሱ። ማለዳ 12 እና 1 ሰዓት ላይ ገበሬዎችና ጡረተኞች ዳይነር በሚባለው ተራ ምግብ ቤት ውስጥ ቡና እየጠጡ ነው። ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ባለጉዳይ ይመጣል። ቀትር ላይ ሠራተኛው ለምሳ ይወጣል። በሰኔ የካንሳስ ስንዴ ሲታጨድ የእህል ጎተራው ፊት የጭነት መኪና ይሰለፋል፤ በሐምሌና ነሐሴ የካውንቲ ትርዒት አለ፤ በመኸር ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ከተማውን ያወጣል።

ምግብ ቤት ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ እዘዙና ተቀመጡ። ምግቡ ከቀረበ በኋላ ባለቤቱን ጠይቁ እንጂ አስተናጋጇን አትጠይቁ፤ እሷ እሺ ብላ ቢቆጣት ጥፋቱ በእሷ ላይ ይሆናል። ከሒሳቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ተዉ።

አጠያየቁ አጭር ይሁን፦ «በዚህ መንገድ ላይ ያሉትን ፍርድ ቤቶችና የሚገለገሉባቸውን ሰዎች ፎቶ እያነሳሁ ነው። እርስዎን እዚሁ እንደተቀመጡ ባነሳ ቅር ይልዎታል?» እንዲህ ስትሉ ሦስት ነገር ተናግራችኋል፤ ሥራችሁን፣ ለምን እሱን እንደመረጣችሁ፣ ከመቀመጫው እንዲነሳ እንደማትፈልጉ። «እዚሁ እንደተቀመጡ» ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ከመቀመጫው ከተነሳና ከተዘጋጀ ፊቱ የመታወቂያ ፎቶ ይሆናል። እምቢ ካለ አመስግናችሁ ሂዱ፤ አታግባቡ። የመንገድ ላይ ሰውን ሳይጠይቁ ማንሳት ሕጋዊ ቢሆንም በ900 ሰው ከተማ ውስጥ አንድ የተቆጣ ሰው የቀረውን ቀን ያበላሽባችኋል።

ሕፃናትን ወላጅ ሳይፈቅድ አታንሱ። ፎቶው ለማስታወቂያ የሚውል ከሆነ የተፈረመ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለዜና፣ ለዐውደ ርዕይና ለመጽሐፍ በአብዛኛው አያስፈልግም። ቢሆንም ስም፣ የስሙን ፊደል አጻጻፍና ኢሜይል ደብተር ላይ ራሱ እንዲጽፍላችሁ ስጡት። ፎቶውን እልካለሁ ካላችሁ በዚያው ሳምንት ላኩ።

9. ፖሊስ ወይም ጠባቂ ሲያነጋግራችሁ

ያጋጥማችኋል። በትንሽ ከተማ አንድ ሰው ለሸሪፍ፣ ማለትም ለካውንቲው የፖሊስ ኃላፊ፣ ይደውላል፣ ሸሪፉም መጥቶ ይጠይቃል። ካሜራውን ዝቅ አድርጉ፣ እጃችሁ ይታይ፣ ካርዳችሁን ስጡ፣ የሕንፃዎቹን ዝርዝር አሳዩ። አብዛኛው እዚህ ላይ ያልቃል፤ እንዲያውም የድሮው እስር ቤት የት እንዳለ ይጠቁሟችኋል።

ካላለቀ በትህትና ጠይቁ፦ «መሄድ እችላለሁ ወይስ ተይዣለሁ?» መሄድ ትችላላችሁ ከተባለ ሂዱ። ፎቶ አጥፉ የማለት ሥልጣን የላቸውም፤ ስልክን ለመፈተሽ ደግሞ በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በወሰነው መሠረት በመደበኛው የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋል። ይህን ማወቅ ለመከራከር አይደለም፤ ደንግጣችሁ ራሳችሁ እንዳታጠፉ ነው። በግል ይዞታ ላይ፣ ለምሳሌ በገበያ አዳራሽ ማቆሚያ ላይ ከሆናችሁና ባለቤቱ ውጡ ካለ ግን ወዲያው ውጡ።

10. ዕለቱን ሳታሳድሩ መዝግቡ

ካርዱን ወደ ሁለቱም ሃርድ ዲስኮች ገልብጡ። አንዱ ከእናንተ ጋር ሆቴል ይግባ፣ ሌላው በተለየ ቦርሳ ይሁን፤ በበጋ ግን መኪና ውስጥ አይደር፣ ሙቀቱ ይጎዳዋል። ሁለቱንም ከፍታችሁ ሳታዩ ካርዱን ፎርማት አታድርጉ።

የካሜራውን ሰዓት ጉዞው ሲጀመር በአንድ የሰዓት ቀጠና አስተካክሉና አትንኩት። ዩኤስ 50 አራት የሰዓት ቀጠናዎችን ያቋርጣል፤ በየግዛቱ ብትቀይሩት የምስሎቹ ቅደም ተከተል ይዘበራረቃል።

የፋይል ስም በግዛት፣ በካውንቲ፣ በሕንፃና በተራ ቁጥር ይሁን፦ ካንሳስ_ቼዝ_ፍርድቤት_0001። ለአሜሪካ ተቋም የምታስረክቡ ከሆነ ያንኑ ቅደም ተከተል በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ብሔራዊው የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ የሚጠቀምበት አሰያየም ይኸው ነው። መግለጫው ውስጥ ከተማው፣ ካውንቲው፣ ቀኑ፣ ካሜራው ወዴት አቅጣጫ እንዳየ፣ የሰዎቹ ስምና ሲያደርጉ የነበረው ይግባ። ይህን ፋይሉ ውስጥ ባለው የመግለጫ ሳጥን ጻፉት፤ ፎቶው የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል።

የተለመዱ ስህተቶች

- ካፒቶል ብቻ ማሳደድ። ጉልላት ያለው ሕንፃ ሁሉም ያነሳዋል፤ የካውንቲው የግብር መክፈያ መስኮት ግን ማንም አላነሳውም ይሆናል።
- ቅዳሜና እሑድ ብቻ መጓዝ። ሕንፃ ሞልቶ ሰው የሌለበት ስብስብ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።
- የተዘጉ ሱቆችንና የወደቁ ቤቶችን ብቻ መምረጥ። ያችው ከተማ ውስጥ አዲስ ክሊኒክና ሙሉ ዳይነር ካለ እሱንም አንሱ፤ ካልሆነ ስለ ከተማዋ ውሸት እየተናገራችሁ ነው።
- ጂፒኤስ ያሳጠረላችሁን መንገድ መከተል። ወደ ኢንተርስቴት ይመልሳችኋል፤ «አውራ ጎዳና ይቅር» የሚለውን ምርጫ አብሩት።
- ማታ በድንግዝግዝ መንዳት። ሰማያዊውን ብርሃን እንደጨረሳችሁ ያው ከተማ እደሩ፤ አጋዘን መንገድ የሚያቋርጠው በዚያ ሰዓት ነው።
- መግለጫውን ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ ማለት። ሦስት ካውንቲ ካለፈ በኋላ የቀይ ጡቡ ፍርድ ቤት የየትኛው እንደነበር አይለይም፤ በ1879 ሥራው የተጀመረው የዩሪካው ሕንፃም ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል። መኪናውን ከማስነሳታችሁ በፊት የከተማውን ስም የያዘ ምልክት አንድ ፎቶ አንሱ፤ በኋላ ከዚያ በፊት ያሉት ምስሎች ሁሉ የማን እንደሆኑ ከእሱ ታውቃላችሁ።